እናቷን የማታውቅ ወፍ ማር መምራትን ከየት አገኘችው?

ዛምቢያ ውስጥ ንብ በል ወፍ ጎጆዋን የምትሠራው ምስጥ በሊታ አውሬ ቆፍሮ በተወው ጉድጓድ ውስጥ፣ ጠባብ መሹለኪያ ሰርስራ ነው። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው። የሥነ ወፍ ተመራማሪዋ ክሌር ስፖቲስዉድ ከባልደረባዋ ጋር ሆና በጨለማ የሚያይ ካሜራ እዚያ አስገብታ ነበር፤ ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2011 አሳተሙ። ካሜራው የያዘው ለዓይን ይከብዳል። ላባ ያላወጣች፣ ዓይኗ ያልተገለጠ አንዲት ጫጩት አለች። ንቁሯ ጫፍ ላይ እንደ መንጠቆ የተቆለመሙ ስለቶች አሏት። የባለ ጎጆዋ እንቁላል ተፈልፍሎ የንብ በሏ ልጅ ብቅ ስትል ጫጩቷ በመንጠቆው ትይዛታለች፣ ትነክሳታለች፣ ታራግፋታለች፣ ደክማ ትለቃታለች፣ መልሳ ትይዛታለች። ሌላዋ እስክትሞት አንዳንዴ 9 ደቂቃ፣ አንዳንዴ ከ7 ሰዓት በላይ ይፈጃል። አሳዳጊዎቹ ወፎች ደግሞ በዚያው ጨለማ ምግብ ይዘው ይመጡና ገዳይዋን ይመግቧታል።

ይህች ጫጩት የማር መሪ ወፍ ልጅ ናት። እናቷ በሌላ ወፍ ጎጆ እንቁላሏን ጥላ፣ አብዛኛውን ጊዜም የባለ ጎጆዋን እንቁላሎች በንቁሯ ወግታ፣ ሄዳለች፤ ተመልሳ አትመጣም። ጫጩቷ አንድ ወር ገደማ በማደጎ ቤት ቆይታ ትወጣለች። መንጠቆዋም ንቁሯ እያደገ ሲሄድ ይጠፋል። እንግዲህ ይህች ከወላጆቿ አንድም ነገር አይታ የማታውቅ ወፍ ነች አድጋ ሰው ፍለጋ የምትሄደው። ሰው ስታገኝ አጠገቡ ዛፍ ላይ አርፋ ትንጫጫለች፤ ሲከተላት ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች የንብ ጎጆ ወዳለበት ግንድ ታደርሰዋለች። ሰውየው በጭስ ንቦቹን አረጋግቶ፣ ግንዱን ፈልጦ ማሩን ሲወስድ እሷ ሰሙንና እጩን ትበላለች። ሰም መፍጨት የሚችል ሆድ በአከርካሪ አጥንት እንስሳት ዘንድ እምብዛም አይገኝም፤ የሷ ግን ይፈጫል።

ተፈጥሯዊ ጠባይና በትምህርት የሚገኝ ጠባይ የት ላይ እንደሚለያዩ ለማየት ከዚህ የተሻለ ጉዳይ አላውቅም። በብዙ እንስሳት ላይ ጥያቄው የሚወሳሰበው ግልገሏ ከእናቷ ሥር ስለምታድግ ነው፤ ያደረገችውን ሁሉ ከእናቷ አይታ ይሁን በደሟ ይዛው ተወልዳ መለየት ያስቸግራል። እዚህ ግን እናት የለችም። ስለዚህ ብዙ ሰው ወዲያው የሚደርስበት መደምደሚያ አንድ ነው፦ ያስተማራት ከሌለ በደመ ነፍስ ነው የምታውቀው። ለረጅም ጊዜ ተመራማሪዎችም ከዚህ ብዙም አልራቁም። ባለፉት አሥርት ዓመታት የተሠራው ሥራ የሚያሳየው ግን ይህ መልስ ግማሹን ብቻ እንደሚነካ ነው። ቀሪው ግማሽ የሚገኘው ወፏ ውስጥ ብቻ ሳይሆን አባት ለልጁ በሚያስተምረው የጥሪ ድምፅ ውስጥም ነው።

በመጀመሪያ መምራት የሚባለው ነገር በርግጥ መምራት መሆኑን ማን አረጋገጠ? ይህንን ያደረጉት ኬንያዊው ሁሴን አዳን ኢሳክና ሃይንዝ ኡልሪሽ ራየር ናቸው። በሰሜን ኬንያ ከቦረና ማር ቆራጮች ጋር ሦስት ዓመት ሠርተው ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ1989 አወጡ። ቦረናዎች በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ግራና ቀኝ የሚኖር አንድ ሕዝብ ስለሆኑ ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ወፏም በአገራችን ትገኛለች። ግራጫ ቡኒ፣ ክብደቷ ከ50 ግራም የማይርቅ፣ ስትበር ከጭራዋ ዳር ዳር ነጭ ላባ የሚታይ፣ ሳትናገር ካለፈች ማንም ዞር ብሎ የማያያት ወፍ ነች።

ቦረናዎቹ ወፏ አቅጣጫን፣ ርቀትን፣ መድረስንም እንደምትነግራቸው ለተመራማሪዎቹ ተናገሩ። ኢሳክና ራየር ይህን እንደ ተረት አልቆጠሩትም፤ ሜዳ ላይ ለኩት። የበረራዋ አቅጣጫ የንቡን ጎጆ አቅጣጫ ይከተላል። ወደ ጎጆው በተጠጋች ቁጥር በሁለት ማረፊያዎቿ መካከል ያለው ርቀት ያጥራል፤ የምታርፍበት ቅርንጫፍም ዝቅ እያለ ይሄዳል። ስትደርስ ደግሞ ድምፅዋ ይለወጣል፣ ብዙም ሳትርቅ እዚያው ትቆያለች። ቁጥሩ ሲታይ፣ በማያውቁት አካባቢ ያለ ወፏ እርዳታ አንድ የንብ ጎጆ ለማግኘት በአማካይ 8.9 ሰዓት ሲፈጅ ከሷ ጋር 3.2 ሰዓት ይበቃል። ከተገኙት ጎጆዎች 96 በመቶ ያህሉ ወፏ ልትደርስባቸው የምትችለው ሰው በመሣሪያና በእሳት ከከፈታቸው በኋላ ብቻ ነበር። ጥቅሙ በሁለቱም ወገን ነው ማለት ነው።

ማር ቆራጩም ዝም ብሎ አይጠብቃትም። ቦረናዎች ሁለት እጃቸውን አጣምረው በመሃሉ፣ ወይም በቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ ወይም ውስጡ በተቦረቦረ የዘንባባ ፍሬ የሚነፉት ፉጨት አላቸው። ፉሊዶ ይሉታል። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰማል። ፉሊዶ የሚነፋ ሰው ወፏን የማግኘት ዕድሉ እጥፍ ይሆናል። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ በዚያን ጊዜ ብዙም ትኩረት አልሳበችም። ለእኔ ግን የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ እሷ ናት፤ ወፏ የሰውን ድምፅ ሰምታ የምትመጣ ከሆነ ያ ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ ከየት ታውቃለች?

ወደ ውርስ ወገን የሚያደሉ ማስረጃዎች ቀላል አይደሉም። የሰም ፍላጎቷን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1588 በአሁኗ ሞዛምቢክ ሶፋላ የነበረ ዣዎ ዶስ ሳንቶስ የተባለ ፖርቱጋላዊ ሚስዮናዊ ትናንሽ ወፎች ወደ ጸሎት ቤቱ እየገቡ የመቅረዙን ሻማ ሰም ሲነቁሩ እንዳየ ጽፏል፤ እነዚያው ወፎች ሰዎችን ወደ ማር እንደሚመሩም መዝግቧል። ንብ በሌለበት፣ ጫካ በሌለበት፣ ሰም መሆኑን ብቻ ለይተው መጥተው ይበላሉ። ይህን ያሳየቻቸው አሳዳጊ የለችም።

እዚህ ላይ አንድ ጠንቃቃ አንባቢ ሊያነሳው የሚችል ጥያቄ አለ። አሳዳጊዋ ንብ በል ወፍ ናት፤ ስሟ እንደሚናገረው ንብ ትበላለች። ታዲያ ጫጩቷ ስለ ንብ ከማደጎ እናቷ አልተማረችም? መልሱ ቀላል ነው። ማር መሪ ወፍ እንቁላሏን የምትጥለው ንብ በል ጎጆ ብቻ አይደለም፤ ከግንደ ቆርቁር ጀምሮ ዛፍ ሽንቁር ውስጥ በሚራቡ ብዙ ዓይነት ወፎች ጎጆም ትጥላለች። እነዚህ አሳዳጊዎች በአመጋገብም በአኗኗርም አይመሳሰሉም። ከሁሉም ጎጆ የወጡት ግን ሰም ይወዳሉ። ንብ በሏም ብትሆን ንብ እንጂ ሰም አትበላም፣ ሰውም አትመራም።

ውርስ እዚህች ወፍ ውስጥ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ የሚያሳይ ሌላም ነገር አለ። መሬት ውስጥ በሚራቡ ወፎች ጎጆ የሚጥሉትና ዛፍ ሽንቁር ውስጥ በሚራቡት ጎጆ የሚጥሉት ሴቶች በእናት በኩል ብቻ በሚተላለፈው ዘረመላቸው የተለያዩ የዘር ሐረጎች ናቸው፤ የተለያዩትም እጅግ ከጥንት ነው። የእንቁላላቸው መጠንና ቅርፅ ሳይቀር የየአሳዳጊያቸውን ይመስላል። የጫጩቷ መንጠቆና የግድያው ጠባይም እንዲሁ ነው፤ ዓይኗ ሳይገለጥ፣ በጨለማ፣ በመጀመሪያ ቀናቷ የምታደርገውን ማንም ሊያስተምራት አይችልም።

ስለነዚህ ወፎች እ.ኤ.አ. በ1955 ሰፊ ጥናት ያሳተመው አሜሪካዊው ኸርበርት ፍሪድማንም መምራቱን በዋናነት የደመ ነፍስ ሥራ አድርጎ ነበር ያየው። ነገር ግን ያው ፍሪድማን በጥሞና ያስተዋለው አንድ ነገር ነበር። ሰዎች ስኳር ከሱቅ መግዛት በጀመሩበት፣ የጫካ ማር ፍለጋ በተዉበት አካባቢ ወፎቹ መምራታቸውን እየተዉ ነው። ይህ ምልከታ ከራሱ አቋም ጋር አይገጥምም። በደም የተወረሰ ነገር በአንድና በሁለት ትውልድ ውስጥ ሱቅ ስለተከፈተ ከዘር ውስጥ አይፋቅም። የጠፋው ሌላ ነገር መሆን አለበት።

ወደ ዋናው ምዕራፍ እንምጣ። ቦታው ሰሜን ሞዛምቢክ፣ ኒያሳ የተባለው ሰፊ የዱር እንስሳት ጥብቅ ክልል ነው። እዚያ የሚኖሩት የያኦ ማር ቆራጮች ወፏን የሚጠሩት በአንድ ለየት ባለ ድምፅ ነው፤ ከንፈርና ምላስን አንቀጥቅጠው "ብርርርር" ይሉና በአጭር ማጉረምረም "ህም" ብለው ይዘጉታል። በእግር እየሄዱ ደጋግመው ይሉታል። ስፖቲስዉድ ኪትና ኮሊን ቤግ ከተባሉ የጥበቃ ባለሙያዎች ጋር ሆና ሃያ ማር ቆራጮችን ይህን ድምፅ ለምን እንደሚጠቀሙ ጠየቀች። ሁሉም የሰጡት መልስ አንድ ነበር፦ ከአባቶቻችን የተማርነው ነው።

ከዚያም ፈተናው ተዘጋጀ። ማር ቆራጮች ከተመራማሪዎቹ ጋር ለ15 ደቂቃ በጫካው ይጓዛሉ፤ የያዙት ድምፅ ማጉያ ከሦስት ዓይነት ድምፅ አንዱን እየደጋገመ ያሰማል። አንዱ ብርርር ህም ነው። ሁለተኛው ተራ የሰው ቃል ነው። ሦስተኛው የርግብ ድምፅ ነው። እንዲህ ያለ ጉዞ 72 ጊዜ ተደረገ። ሁለቱ ተራ ድምፆች ለምን እንዳስፈለጉ ልብ ይሏል፤ ወፏ የምትመጣው "ሰው አለ" ብላ ብቻ ከሆነ ተራው የሰው ቃልም ይበቃት ነበር፤ ማንኛውም ድምፅ ቀልቧን የሚስብ ቢሆን ደግሞ ርግቡም ያመጣት ነበር።

እንደ ጥሪው ግን አላመጧትም። በተራ ድምፅ ወፏ መጥታ የመምራቷ ዕድል 33 በመቶ ሲሆን በብርርር ህም 66 በመቶ ሆነ። ከጉዞው መጨረሻ በወፏ መሪነት የንብ ጎጆ የማግኘት ዕድሉ ደግሞ ከ17 ወደ 54 በመቶ ከፍ አለ። በሌላ አነጋገር ወፏ ሰውን ከሰው ትለያለች፤ ይህ ድምፅ የማር ፍላጎት ያለው፣ እሳትና መጥረቢያ የያዘ ሰው ድምፅ መሆኑን ታውቃለች። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ።

ይህ ብቻውን ግን ጥያቄያችንን አይዘጋም። ለብዙ ሺህ ዓመታት ከሰው ጋር የኖረች ወፍ ለእንዲህ ዓይነቱ ድምፅ የተዘጋጀ ጆሮ ይዛ ልትወለድ ትችላለች የሚል ሰው ቢነሳ በ2016ቱ ፈተና ማሸነፍ አይቻልም። እሱን ለመመለስ ሌላ አገር፣ ሌላ ጥሪ ያስፈልጋል።

ሌላው አገር ታንዛንያ ነው። ሰሜን ታንዛንያ በሚገኙት የኪዴሮ ኮረብቶች የሚኖሩት ሃድዛዎች አብዛኛው ምግባቸው ከአደንና ከጫካ ፍሬ የሚገኝ ሕዝብ ናቸው። እነሱም ከወፏ ጋር ይሠራሉ፤ ግን ብርርር ህም አይሉም። ያፏጫሉ። ዜማ ያለው፣ የሚወጣና የሚወርድ ፉጨት ነው። ከኒያሳ እስከ ኪዴሮ ያለው ርቀት ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ወፏ በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ናት።

ስፖቲስዉድና ከሃድዛዎች ጋር ለረጅም ጊዜ የሠራው ብሪያን ዉድ ያደረጉት ነገር በጣም ቀላልና በጣም ብልህ ነው። የያኦን ጥሪ ለሃድዛ አገር ወፎች፣ የሃድዛን ፉጨት ለያኦ አገር ወፎች አሰሙ፤ ከየአገሩ ጥሪና ከተራ የሰው ድምፅ ጋር እያመሳከሩ። እ.ኤ.አ. በ2023 ባሳተሙት መሠረት በኪዴሮ ያሉት ወፎች ለአገራቸው ፉጨት የመምጣታቸው ዕድል ለባዕዱ ብርርር ህም ከሚመጡበት ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። በኒያሳ ደግሞ ተገልብጦ ለብርርር ህም የመምጣታቸው ዕድል ለፉጨቱ ከሚመጡበት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

የዚህን ፈተና ጥንካሬ ቀስ ብሎ ማየት ይገባል። አንዱ ጥሪ ከሌላው ይልቅ የሚሰማ ወይም በተፈጥሮው ቀልብ የሚስብ ቢሆን ኖሮ በሁለቱም ቦታ እሱ ነበር የሚያሸንፈው። ያሸነፈው ግን እንደ ቦታው ተለያየ። ስለዚህ ልዩነቱ ከድምፁ የመጣ አይደለም። ከወፎቹ ታሪክ፣ ከየት እንዳደጉና ከማን ጋር እንደሠሩ የመጣ ነው።

አሁንም አንድ በር ይቀራል። የኒያሳ ወፎች ለብርርር ህም፣ የኪዴሮ ወፎች ለፉጨት የተስተካከለ ጆሮ በዘር ወርሰው ቢሆንስ? ፈተናው በራሱ ይህን ፈጽሞ አይዘጋም፤ ለመዝጋት የአንዱን አገር ጫጩት በሌላው አገር ማሳደግ ያስፈልጋል። ሆኖም ሚዛኑ ወዴት እንደሚያደላ ግልጽ ይመስለኛል። የሰው ጥሪ የሰው ባህል ነው። ሰው ይሰደዳል፣ ይጋባል፣ ቋንቋውን ይለውጣል፤ የአባቱን ፉጨት ትቶ የጎረቤቱን ይወስዳል። ይህ ሁሉ በጥቂት ትውልድ ውስጥ ይሆናል። ዘር በዚህ ፍጥነት አይከተልም። ጆሮዋን በዘር ያሰረች ወፍ ሰው ጥሪውን በለወጠ ቁጥር ለብዙ ትውልድ ትራብ ነበር። የምትማር ወፍ ግን በአንድ ወቅት ውስጥ ትደርስበታለች፤ አንድ ድምፅ ሰምታ ሄደች፣ ሰውየው ግንዱን ፈለጠ፣ ሰም በላች። ይህ እየተደገመላት ሲሄድ ያን ድምፅ ከሰም ጋር ልታያይዘው ትችላለች። በተፈለጠ ግንድ አጠገብ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በላይ ማር መሪ ስለሚሰበሰብ አዲሷ ወፍ ከነባሮቹም አይታ የምትማር ሳትሆን አትቀርም።

እንግዲህ ክፍፍሉን እንዲህ አየዋለሁ። ወፏ ይዛ የምትወለደው የሰም ረሃብን፣ ያን የሚፈጭ ሆድን፣ ወደ ሰው የመቅረብ ዝንባሌንና የመንጫጫቱን ሥርዓት ነው። ማን ጥሩ ባልደረባ እንደሆነ፣ በምን ድምፅ እንደሚታወቅ ግን ትማራለች። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል መምራት የሚባል ነገር አይኖርም። "ምን ያህሉ ውርስ፣ ምን ያህሉ ትምህርት ነው?" ብሎ በመቶኛ መጠየቅም እዚህ ትርጉም የለውም፤ ውርሱ የሚሠራው ትምህርቱ ሲገኝ ብቻ ነውና።

የሰውን ወገን ስናይም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። ጣፋጭ መውደድ ከሰው ልጅ ጋር የሚወለድ ነው፤ ገና ምንም ያልቀመሰ አራስ ሕፃን ከንፈሩን በጣፋጭ ነገር ሲነኩት ፊቱ ይፈታል። ማር የሚገኝበትን ጥሪ ግን ማንም ይዞት አይወለድም። የያኦ ልጅ በሃድዛዎች መካከል ቢያድግ ያፏጫል፤ የሃድዛ ልጅ በያኦ መንደር ቢያድግ ብርርር ህም ይላል። በቋንቋም የምናውቀው ይኸው ነው፤ የመናገር ችሎታው ከልጁ ጋር ይወለዳል፣ የሚናገረው ግን ያደገበትን ነው።

ከዚህ በላይ የሚያስደንቀኝ ሁለቱ ትምህርቶች እርስ በርስ መተሳሰራቸው ነው። በኒያሳ አንድ ወጣት ማር ቆራጭ በራሱ ፈቃድ ፉጨት ቢጀምር ወፏ እንደ ድሮው አትመጣለትም፤ ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለስና ወደ አባቱ ጥሪ ይመለሳል። በኒያሳ የምትኖር ወፍም ለፉጨት ብቻ ጆሮዋን ብትሰጥ ሰም አታገኝም። ስለዚህ ወፎቹ የሰዎቹን ወግ ያጸኑታል፣ ሰዎቹም የወፎቹን። ያኦዎች አባቶቻችን ያሉትን እንላለን ሲሉ ወግ አጥባቂነት ብቻ አይደለም፤ ጥሪውን የለወጠ ይከስራል።

የክፍያው ወግም እንደየአገሩ ይለያያል። ያኦዎች ሰሙን ሰብስበው በለምለም ቅጠል ላይ አስቀምጠው ይተዉላታል። የሃድዛዎቹ ልማድ ሌላ ነው። ብሪያን ዉድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሳተሙት ሃድዛዎች ብዙ ጊዜ የተረፈውን ሰም ይቀብሩታል ወይም ያቃጥሉታል፤ ወፏ ከጠገበች ሌላ ጎጆ አታሳየንም ይላሉ። ያም ሆኖ ከሷ ጋር መሥራታቸው የንብ ጎጆ የሚያገኙበትን ፍጥነት በ560 በመቶ ይጨምርላቸዋል፤ ከዓመት ምግባቸውም ከ8 እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን የሚያገኙት በእሷ መሪነት ነው። ወፏም በዚህ ስስት ቂም ይዛ አልተወቻቸውም። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ድርሻዋን የከለከላትን ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ወደ እባብ ወይም ወደ ነብር ትመራዋለች እየተባለ ይነገራል። የሃድዛ ልማድ ለዚህ አባባል የሚመች ምስክር አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ራቴል አንድ ነገር ልበል፤ ይህች ወፍ በተነሳች ቁጥር እሱም ይነሳልና። ማር ወዳዱን ይህን አውሬ እንደ ሰው ትመራዋለች የሚለው ወሬ በመጻሕፍት ሁሉ የተዘራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ጥናት በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች በ11 ማኅበረሰቦች ውስጥ የሚገኙ ወደ 400 የሚጠጉ ማር ቆራጮች ተጠይቀው ነበር። አብዛኞቹ አናምንም አሉ። በታንዛንያ ግን፣ በተለይ ሃድዛዎች፣ አይተናል የሚሉ በርካታ ነበሩ። ወፏ በአንድ ቦታ የምታደርገውን በሌላ ቦታ የማታደርግ ከሆነ ይህም ወደ ትምህርት ወገን የሚያደላ ምልክት ነው፤ በደም ብቻ የተጻፈ ቢሆን በሁሉም ቦታ ይታይ ነበር።

ወደ ፍሪድማን ምልከታ ልመለስ። ወፏ የወረሰችው ሁሉ ዛሬም አብሯት አለ። ሰው ማር መፈለግ ባቆመበት አካባቢ የምትኖረዋ ወፍ ከኒያሳዋ ያነሰ ሆድ ወይም ያነሰ ረሃብ የላትም። የጎደላት ጠርቷት ግንድ የሚፈልጥላት ሰው ነው። የሰው ጥሪ ሲቋረጥ የምትማረው ነገር ይጠፋል፣ የምትማርባቸው ነባር ወፎችም ያልቃሉ። ይህ ለጥበቃ ሥራ ትልቅ ትርጉም አለው። ወፏን ብቻ በፓርክ ከልሎ ሰዎቹን ማስወጣት ወፏን ያቆያል፣ መምራቷን ግን ላያቆየው ይችላል። ኒያሳ የተለየችበት አንዱ ምክንያት ሰዎች በጥብቅ ክልሉ ውስጥ መኖርና ማር መቁረጥ ስላልተከለከሉ ነው፤ እዚያ ወፏ መምራት ከጀመረችባቸው አጋጣሚዎች ሦስት አራተኛው ገደማ ቢያንስ አንድ የንብ ጎጆ አስገኝተዋል።

በአገራችን ሁኔታው የራሱ መልክ አለው። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ቀዳሚዋ የማር አምራች ናት፤ አብዛኛው ማር ግን የሚቆረጠው ከጫካ ግንድ ሳይሆን ዛፍ ላይ ከሚሰቀል ወይም ከጓሮ ከሚቀመጥ ቀፎ ነው። ባለ ቀፎ ገበሬ ንቡ የት እንዳለ ያውቃል፤ መሪ አያስፈልገውም። የወፏን ቋንቋ የሚያውቁት የጫካ ማር ለመፈለግ የሚወጡት ናቸው፤ እነሱም ቁጥራቸው ከቀፎና ከሱቅ መስፋፋት ጋር ይመናመናል። ኢሳክ በቦረናዎች ዘንድ የመዘገበው ፉሊዶ በድንበሩ በኢትዮጵያ በኩል ዛሬ ማን እንደሚነፋው፣ በምን እንደሚነፋው፣ ከመንደር መንደር ይለያይ እንደሆነ በድምፅ መቅረጫ ይዞ መሄድ የሚችል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁሉ ሊያጠናው የሚችል ሥራ ነው። አንድ ስልክ፣ አንድ የሚያፏጭ ሽማግሌና ታጋሽ ጆሮ ይበቃል። የሚያስፈልገው ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ መሄድ ብቻ ነው።